ንጉሥን በደር መያዝ

ሌኒንግራድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ባሕር ዳር

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? እናቴስ? ወንድሜ ደሞዝስ? እኔ በጸሎታችሁ ደኅና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚከፋብኝ የለም። የሕክምናውን ትምህርት ለጠየቁኝ፣ የሰው አጥንት ስም በሩስኛ እያጠናሁ ነው። ሁለት መቶ ስድስት ነው። መቶ ሠላሳውን ይዣለሁ፤ የቀረውን እስከ ገና እጨርሰዋለሁ።

«ያስተማርሁሽን ሰንጠረዥ ረሳሽው ወይ?» ላሉኝ ግን መልሱ ያሳፍራል። ቢሆንም ልንገርዎ።

በማደሪያችን ምድር ቤት የቼዝ ክበብ አለ። ቼዝ የእኛው ሰንጠረዥ ነው፤ ንጉሡም፣ ፈረሱም፣ በማዕዘኑ የሚቆመው ደሩም፣ ተራ ወታደሩ መደቁም አለ፣ የአንዳንዱ አካሄድ ብቻ ይለያል። ባለፈው እሑድ ገባሁና ከአንዲት ተማሪ ፊት ተቀመጥሁ። ከዚያ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ወረራ ጀመርሁ። አንድ እስኪበላ ድረስ ተራ የለም ብዬ መደቆቼን አከታትዬ ስገፋ፣ ፈረሶቼን ሳወጣ፣ ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየኛለች። ሰባት ጊዜ ከሄድሁ በኋላ ቀና ስል የክበቡ ሰው በሙሉ ከቦኝ ቆሟል። ለካ እዚህ አገር ከመጀመሪያው ጀምሮ በየተራ ነው የሚኬደው። እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ሊዲያ ፔትሮቭና የሚባሉ አሠልጣኝ ግን አልሳቁም። «ይህን ማን አስተማረሽ? ከሰባቱ እርምጃ አንዱም ስሕተት የለበትም» አሉኝ። አባቴ ነው አልኋቸው። ማክሰኞና ዓርብ እንድመጣ አዘዙኝ።

ትምህርቴን አይነካብኝም። ይመርቁኝ።

ልጅዎ ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ ጥር 23 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተ ሩፋኤል

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ። ደብዳቤሽ ከጥምቀት በኋላ ደረሰን። እናትሽ «ብርዱ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ የቀረውን የሰማችው አይመስለኝም። ደሞዝ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል፤ በቁመት ስለበለጠኝ አሁን የሚታዘዘኝ ሲፈልግ ነው።

አንቺን የሰደድሁሽ ሐኪም ሁኚ ብዬ ነው። ወባው ያለው እዚህ ሐይቁ ዳር ነው፣ በሽተኛውም እዚሁ ነው። ለሰንጠረዡማ ምን ሌኒንግራድ ድረስ አስኬደሽ፤ የደብሩ ዋርካ ሥር ይበቃሽ ነበር። ሰው በሁለት ልብ አንድ ሥራ አይሠራም፤ ይህ ዛሬ ባይገባሽ ነገ ይገባሻል። ሳቁብኝ ላልሽኝ ደግሞ፣ ይሳቁ። ተራ መጠበቅ ይለመዳል። ማየት ነው የማይለመደው፣ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታያለሽ።

መጫወትሽ ካልቀረ አንድ አደራ አለኝ። ጨዋታው የእነሱ ይሁን፤ ጨዋነትሽ ግን የቤትሽ ነው። የሰው ጦር ጨርሰሽ ንጉሡን ራቁቱን አታስቀሪ። ንጉሡንም በደር አትያዢ። ደር ባለ ጉልበት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እየጋለበ የሚይዝ ደር ምን ጥበብ አለው? ነውር ነው። በመደቅ ያዢው፣ ቢቸግርሽ በፈረስ። የመሪጌታ ልጅ ምን አደረገች እንዳይሉን።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት

ሌኒንግራድ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንኳን አደረሰዎ። «ግራንድማስተር ማለት ምን ማለት ነው? ደመወዝተኛ ነው ወይስ መዓርግተኛ?» ብለው የጻፉልኝን ለሊዲያ ፔትሮቭና ተርጉሜላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

መዓርግ ነው። የቅኔ ተማሪ አስመስክሮ መምህር እንደሚባለው ያለ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ትልልቅ ውድድር ማስመስከር ያስፈልጋል። እኔ ሁለቱን አስመስክሬያለሁ። አምና ታሊን ላይ፣ ዘንድሮ ቡዳፔስት ላይ። አንድ ቀርቶኛል። እሱም በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ሪጋ በምትባል ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ ተመርቄ ስለምመለስ ሌላ ዕድል ያለኝ አይመስለኝም። ባሕር ዳር ማን ይወዳደረኛል፣ ከእርስዎ በቀር?

በሁለት ልብ አይሠራም ያሉኝን አልረሳሁም። አምስት ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ሆዷን አሟት መጣች፤ ሁሉም ትርፍ አንጀት ነው ብለው ለቀዶ ጥገና ሲያዘጋጇት፣ እኔ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ደግሜ መረመርኋት። አልነበረም። ሐኪሙ መምህሬ «እንዴት አየሽው?» ሲለኝ፣ የሰንጠረዥ ገበታ ላይ መጀመሪያ የታየኝን ወዲያው እንዳልሄድ አባቴ እጄን ይመታኝ ነበር አልሁት። ስለዚህ አባዬ፣ ልቤ አንድ ይመስለኛል።

ደሞዝ ከግርጌ የሚጽፋት ሁለት መስመር ታስቀኛለች። እንዳያቋርጥ ይንገሩልኝ።

ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ሦስት ደብዳቤሽ ተከማችቶብኝ ነው። ዓይኔ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፣ ዓይኔ ግን ደኅና ነው። ነገር በዝቶብኝ ነው።

እናትሽ ደኅና ናት። ጾሙን አጥብቃ ትንሽ ከስታለች፤ ታውቂያታለሽ። ደሞዝ ለምን እንደ ድሮው እንደማይጽፍልሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ለሥራ ወደ ሰሜን ሄዷል። አገር ማየት ይወድ የለ። ሰላም ብሎሻል።

አንቺ የሪጋውን ብቻ አስቢ። የበሽተኛዋን ነገር ካነበብሁ በኋላ ሁለት ልብ ያልሁትን ትቸዋለሁ። ተማሪዎቼ «እህታችን ሦስተኛውን መቼ ታስመሰክራለች?» እያሉ ቅኔውን ትተው እኔን ይጠይቁኛል። እኔም እቆጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ለብቻዬ ስሆን ቀኑን እቆጥራለሁ። አደራዬን አትርሺ።

አባትሽ

ሌኒንግራድ፣ ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

አባዬ፣

የምሥራች የምጽፍልዎ መስሎኝ ጥሩ ወረቀት ገዝቼ ነበር። አልሆነም። ሪጋ ላይ በግማሽ ነጥብ ቀረሁ። የመጨረሻውን ቀን ጨዋታ ባሸንፍ ይበቃኝ ነበር፤ አቻ ወጣሁ።

ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል። የምረቃው ፈተና ተደራርቦብኝ ደክሞኝ ነበር። እሱን ግን አልፌዋለሁ። ሐኪም ነኝ አባዬ። ለዚህ ነው የሰደዱኝ፣ ይህም ሆኗል፤ በነሐሴ እመጣለሁ። ስለ ጨዋታው ባንነጋገር ደስ ይለኛል።

ደሞዝ የሄደበትን ሥራ እስካሁን አልነገሩኝም።

ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ፣

በድዬሻለሁ። ደሞዝን ባለፈው ጥቅምት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። ያለው ኤርትራ ግንባር ነው። ሦስት ጊዜ ጽፏል፣ በሕይወት አለ። እናትሽ «ንገራት» ብትለኝ አልሰማኋትም፤ ልጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ይዛለች፣ ልቧን አልከፍልባትም አልሁ።

አሁን ሳስበው እዚያ ከሚማሩት የባሕር ዳር ልጆች አንዱ ነግሮሽ ኖሯል። ከሰው አፍ፣ ያውም በጨዋታው ሰሞን ሰማሽው። ያን ግማሽ ነጥብ የወሰድሁብሽ እኔ ነኝ። ስትመጪ ከደጅ ሳትገቢ ይቅርታ እንድጠይቅሽ ፍቀጅልኝ።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት

ይፋግ፣ ጥር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባዬ፣

ገና በሰላም አለፈልኝ። ቤት፣ ምግብ፣ ሰው እንዴት ነው ላሉኝ፣ ሁሉም ደኅና ነው። የተመደብሁበት ጤና ጣቢያ ሦስት ክፍል ነው፤ ሐኪሟ እኔ ብቻ፣ ነርሷ ፅጌ ማርያም ብቻ። በሽተኛው ጠዋት ስነሣ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሾፌር የሰጠሁት ሐሙሲት ሻይ ቤት ረስቶት እንዳይሄድ አስጠንቅቄ ነው።

ነሐሴ ላይ ስመጣ በር ላይ ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁኝ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ቤት ተቀምጬ ፊትዎን እያየሁ አልቻልሁም። ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር «ይኸን ያደረግሁብሽ እኔ ነኝ» ስለሚሉኝ ከዚህ በላይ መሸከም የለብዎም።

ስለ ደሞዝ ማንም አልነገረኝም ነበር። የሰማሁት ከራስዎ ደብዳቤ ነው፣ ጨዋታው ካለፈ ከወር በኋላ። ሪጋ ላይ የቀረሁትም በድካም አይደለም። በመጨረሻው ቀን ጨዋታ፣ በሠላሳ ስምንተኛው እርምጃ የተጋጣሚዬን ንጉሥ በደር መያዝ እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው። አየሁት፣ እጄንም ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው መደቄ ታየኝ። በእሱ ብይዘው፣ የአባቴ አደራ በትልቁ ቀን ቢፈጸም ብዬ እጄን መለስሁ። መደቁ ሲደርስ ንጉሡ አመለጠ። ሊዲያ ፔትሮቭና «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አሉኝ። ዓይኔ ደኅና ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው አባዬ፤ ያደረግሁት በራሴ እጅ ነው። የእርስዎ ጥፋት ነው እያልሁዎ አይደለም። ውሸቱ ስለ ከበደኝ ብቻ ነው።

ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ፣

ተቀምጨ ስጽፍ ይኸ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ንጉሥን በደር መያዝ ነውር አይደለም። የቀደሙት ሰዎች በመደቅ የያዘውን ያመሰግኑ ነበር እንጂ በደር የያዘውን አልነቀፉም። ነውር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት እንዳደረግሁትም ልንገርሽ።

አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። የትንሣኤ ሰሞን ነው፣ ተማሪዎቼ እንደ ልማዳቸው ከበውን ቆመው ግማሹ ላንቺ ግማሹ ለእኔ ይመክራል። አንቺ የማንንም ምክር ሳትሰሚ በደርሽ ያዝሽኝ። ደገምን፣ በደርሽ ያዝሽኝ። ሦስተኛ ስትይዥኝ ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ልሳቅ ብል አልሆነልኝም። አፈርሁ። ከገዛ ልጄ ፊት፣ ከተማሪዎቼ ፊት አፈርሁና «በደር መያዝ ነውር ነው፣ ይኸ የባለጌ ጨዋታ ነው» አልሁ። አንቺ ወዲያው ዝቅ ብለሽ ጉልበቴን ሳምሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደር ይዘሽኝ አታውቂም፣ እኔም ደጋግሜ ከማለቴ ብዛት እውነት መስሎኝ ቀረ። ሌኒንግራድ ድረስ ጽፌ ላክሁልሽ።

እንግዲህ በደልኩሽ ያልሁሽ በሌላ ነገር ነበር፣ የበደልሁሽ ግን በዚህ ነው። ለእናትሽ ነግሬያት ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «አንተ ብትሸነፍ ምን ትሆን ነበር?» አለችኝ።

ዕድሉ ተመልሶ ከመጣ ባገኘሽው ያዢው። ይቅር በይኝ።

አባትሽ

ይፋግ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባዬ፣

«ይቅር ብለሽኝ ከሆነ ለምን ስለ ጨዋታው አትጽፊልኝም?» ላሉኝ፣ ይቅር ካልሁዎ ቆየሁ። የደሩን ነገር አንብቤ ለፅጌ ማርያም ነግሬያት ሁለታችንም በሽተኛ እያስጠበቅን ሳቅን። የማልጽፈው የምጽፈው ስለሌለኝ ነበር። አሁን አለኝ።

ሊዲያ ፔትሮቭና ለቡልጋርያ ሰዎች ጽፈውልኝ ቫርና ለሚደረገው ውድድር ተጠርቻለሁ። ከጥቅምት 11 እስከ ኅዳር 8 ነው። የአዲስ አበባው የስፖርት ቢሮ ተስማምቷል፤ መልሴን እስከ መስቀል ይጠብቃል። ሦስተኛው ውጤት እዚያ ይገኝ ነበር።

አልሄድም። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ይሸሽና ሜዳው ላይ የቀረው ውኃ ሁሉ የወባ ትንኝ ማራቢያ ይሆናል። ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር በቀን መቶ ሰው እናይ ነበር። ከዚህ ወዲያና ወዲህ ሐኪም የለም። ሰው በር ላይ አስቀምጬ ለጨዋታ አልሄድም። የጥሪውን ደብዳቤ ሳነብ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎም፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ስለዚህ ነገር ለማንም ምንም እንዳይሉብኝ።

ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ መስከረም 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ፣

አንዱን ትእዛዝሽን አፍርሻለሁ። ጎንደር ደርሼ መጥቻለሁ።

አውቶቡሱ ይፋግ ላይ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ይታየኝ ነበር። በር ላይ የተቀመጠውን ሰውም አየሁ፤ ያልሽው እውነት ነው። ብወርድ ትመልሽኝ ነበር።

ጎንደር ሐኪም የሚመድበው ሹም ዘንድ ለመግባት ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። በዕድሜዬ ቢሮ ሄጄ የለመንሁት ነገር የለም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ጥምጥሜን አይተው የሚስቁ አሉ። ስገባ ሰውየው ልጅ እግር ነው። ነገሩን አስረዳሁት። «መሪጌታ፣ ለጨዋታ ብለን ነው ሐኪም የምናዛውረው?» አለኝ። ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋኝ። «ወንዱን ልጄን ሳትጠይቁኝ ወስዳችሁታል፣ ቃል አልተናገርሁም። ስለ ሴቷ ስድስት ሳምንት እለምናለሁ» አልሁት። ያስርሃል ብዬ ነበር ለራሴ። ከዚያ ወረቀት ሳበና ጻፈ።

ዶክተር አስናቀ የሚባል ሐኪም ጥቅምት 5 ይፋግ ይገባል። ተቀበይው፣ መኝታ አሳይው፣ ከዚያ ሂጂ። ይህን ያደረግሁት ያጠፋሁትን ልክስ ብዬ ብቻ አይደለም። ሦስተኛውን ስታስመሰክሪ ማየት ስለ ፈለግሁ ነው።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባዬ፣

ትናንት ገባሁ። ፈቃዴ ስላለቀ ነገ በአውሮፕላን ጎንደር ወርጄ በቀጥታ ወደ ይፋግ እሄዳለሁ፤ ባሕር ዳርን ሳላይ በማለፌ ይቅር ይበሉኝ።

ሆኗል። የልጅዎ ስም ከነመዓርጉ በዓለም የቼዝ ማኅበር ጉባኤ ይጸድቃል። ግን የሆነበትን መንገድ ለመንገር አፍራለሁ። የመጨረሻው ቀን ግማሽ ነጥብ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት በአሥራ ሁለተኛው እርምጃ አቻ እንውጣ አለችኝ። የእኔ አሰላለፍ ትንሽ ይሻል ነበር። ብገፋበት የሚያምር ነገር ይወጣው ይሆናል። ለጥቂት ጊዜ ገበታውን አየሁና እሺ ብዬ እጇን ጨበጥሁ። አንዲት መደቅ እንኳ አልተበላችም። ማሸነፍ እንኳ ሳይሆን፣ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ዶክተር አስናቀ የወባው መድኃኒት የክሎሮኪኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ የቱ እንደሆነ ያውቅ ይሆን እያልሁ ነበር።

ደስ ብሎኛል አባዬ። በጣም ደስ ብሎኛል። እርስዎ ግን ያምራል ብለው የሚያነሡት ጨዋታ ስላላመጣሁልዎ ይቆጨኛል። እርምጃዎቹን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌያቸዋለሁ።

ወለተ ሩፋኤል

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ወለተ ሩፋኤል

መጀመሪያ ኮርቻለሁ። ይህን ቃል አስመስክሮ ለወጣ ተማሪ እንኳ ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺ ግን ጽፌዋለሁ፣ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ቅር አለኝ። ስምንት ዓመት ጠብቄ አሥራ ሁለት እርምጃ? ብዬ ገበታውን አወጣሁና እንደ ጻፍሽው ደረደርሁት፣ በነጩም በጥቁሩም ሄድሁ። ሲያልቅ አየሁት። ሠላሳ ሁለቱም ቆመዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጫወት እንዲህ ያለ መጨረሻ አላየሁም። እኔ የማውቀው ሲያልቅ ገበታው ባዶ ሆኖ፣ የሞተው በጎንና በጎን ተከምሮ ነው።

እናትሽ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ሰንጠረዥ ቀርባ አይታ አታውቅም። ተነሥታ መጣችና ቆመች።

«ማን አሸነፈ?» አለችኝ።

«ማንም» አልኋት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ልጅቱስ የሄደችበትን አገኘች?»

«አገኘች።»

«እንግዲያ እንዲህም ይሆናል» አለች። ሰብስቤ ከከረጢቱ ልከት ስል እጄን ያዘችኝ። «ደሞዝ መጥቶ እስኪያየው ድረስ አንዱንም እንዳታነሣ» አለችኝ። ከሰኔ ወዲህ ቃል አልላከልንም፤ ስሙንም አፍ አውጥታ ከጠራችው ቆይታለች። ዛሬ ጠራችው።

መስኮቱ ሥር አድርገነዋል። ተማሪዎቼ በአጠገቡ ሲያልፉ ልብሳቸውን ይሰበስባሉ። ለገና ነይ። ጨዋታ ካማረሽ ሌላ ገበታ እጠርባለሁ፤ ይኸኛው ተይዟል።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት